የልጆቻችን የእድገት መስመር ይሰመርልን፦ በድሬዳዋ የሕፃናት ጤና ክትትልን ለሚመሩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሕፃናት ጤና ክትትል ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ወዲያም የምንኖር፣ ከሁለት ዓመት በታች ልጆች ያሉን እናቶች ነን። በየወሩ ቡና አፍልተን እንሰበሰባለን። ስለ ልጆቻችን ምግብ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ ትኩሳቱ እንማከራለን። የልጆቻችንን የክትትል ካርድ ጎን ለጎን ዘርግተን ማየት የጀመርነውም እዚያ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእነሱ ስም ነው።

ያስነሳን ጉዳይ ይህ ነው። ልጆቻችንን በምንወስድበት ጤና ጣቢያ በየወሩ የነበረው የሚዛን ቀን ቀረ። «ከእንግዲህ ልጅ የሚመዘነው ለክትባት ሲመጣ ብቻ ነው» ተባልን። ምክንያቱ የባለሙያ እጥረት ነው አሉን። ማስታወቂያ አልተለጠፈም። የጠየቀንም የለም። ልጆቻችንን አዝለን በፀሐይ ከሄድን በኋላ በር ላይ ነው የሰማነው። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ እናቶችም እነሱ ጋ ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ስለነገሩን፣ ነገሩ የአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ እንዳልሆነ ገባን። ስለዚህ ደብዳቤውን ለሁላችሁም አድርገነዋል።

የክትባቱን ቀጠሮ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ሲወለድ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። ቀጣዩ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ነው። በመሀል ለቫይታሚን ኤ ጠብታ ብንጠራም ሚዛን አብሮ አይመጣም። እንግዲህ ከ14 ሳምንት እስከ 9 ወር ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ልጁን ማንም አይመዝነውም ማለት ነው። እነዚያ ወራት ደግሞ ልጅ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምርበት፣ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ናቸው። ተቅማጥ የሚደጋገመው ያኔ ነው። ልጅ ከእድገት መስመሩ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ሚዛኑ የተነሳብን በጣም በሚያስፈልገን ወቅት ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ስትወለድ 3.2 ኪሎ ነበረች። በ14 ሳምንቷ 6 ኪሎ ሞላች። ሁለቱም ለሴት ልጅ መሀል ላይ የሚውሉ ቁጥሮች ናቸው። ከዚያ እስከ ኩፍኝ ክትባቷ አልተመዘነችም። በ9 ወሯ 6.9 ኪሎ ሆነች። ነርሷ ካርዱ ላይ ቁጥሩን ጻፈች። «ጨምራለች፣ ከቀዩ መስመርም በላይ ናት፣ ደህና ናት» ብላ አሰናበተቻት። ቀዩ መስመር ካርዱ ላይ የዝቅተኛ ክብደት ወሰን ነው። እናትየው ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

እኛ ጋ በጡረታ የተገለለች ነርስ አለች። ሲስተር ካርዱን ተቀብላ በእርሳስ ነጥቦቹን አስቀመጠች፤ ከዚያ አገናኘቻቸው። መስመሩ ከመሀሉ ተነስቶ የ15ኛውን ፐርሰንታይል አቋርጦ ወደ 3ኛው እየወረደ ነው። በ9 ወር የሴት ልጅ መሀለኛ ክብደት 8.2 ኪሎ ነው። ይህቺ ልጅ ያን ያህል ወደ ኋላ ስትቀር «ደህና ናት» ነበር የተባለው። ቁጥሮቹ ሁሉ ተጽፈዋል። መስመሩን ግን የሳለው አልነበረም። ሲጠየቅ፣ እናትየው ቀጭን አጥሚት በጡጦ ነበር የምትሰጣት። ተቅማጥም ሁለቴ መትቷታል። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ሆኖ እንዲወፍር፣ የተፈጨ የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ እንቁላልና ዘይት እንዲገባበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንድትበላ፣ ጡቱም እንዳይቋረጥ የተመከረችው ያን ቀን ነው። ይህ ምክር በ6 ወሯ ቢሰጣት ኖሮ ልጅቷ እዚህ ባልደረሰች ነበር ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ለሚያነቡ ወላጆች ፐርሰንታይል ምን እንደሆነ ላስረዳ። እኛም የገባን ቆይቶ ነውና። ዕድሜያቸው እኩል የሆነ 100 ጤነኛ ወንድ ሕፃናትን ከቀላሉ እስከ ከባዱ በተራ አሰልፉ። 50ኛው መሀል ላይ ይቆማል። 15ኛ ፐርሰንታይል ላይ ያለ ልጅ ማለት ከእሱ የሚቀልሉ ወደ 15 የሚሆኑ፣ ከእሱ የሚከብዱ ወደ 85 የሚሆኑ አሉ ማለት ነው። ሰልፉ የጤነኞች ስለሆነ 15ኛ መሆን በራሱ በሽታ አይደለም። የሴቶቹ ሰልፍ ለብቻው ነው፤ የቁመቱም ለብቻው ነው። ትልቁ ጥያቄ ልጁ ካለፈው ወር ቦታው ተንሸራቷል ወይ የሚለው ነው። 15ኛው ላይ ጀምሮ 15ኛው ላይ የሚያድግ ልጅ እያደገ ነው። ከ50ኛው ወደ 15ኛው የወረደ ልጅ ግን፣ ክብደቱ ከዚያኛው ልጅ ጋር እኩል ቢሆንም፣ አንድ ነገር ሆኗል። ይህን ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ሦስት ነጥብና እነሱን የሚያገናኝ መስመር ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን አይነግረንም።

ይህ ሳይነገረን በመቅረቱ የተጎዳ ልጅም አለ። አባትና እናቱ ሁለቱም አጭርና ቀጭን ናቸው። ልጁን ለጉንፋን የግል ክሊኒክ ወሰዱት። ወረቀት ላይ «ክብደት፦ 10ኛ ፐርሰንታይል» ተብሎ ተጻፈላቸው። ያብራራላቸው አልነበረም። አባትየው ከመቶ 10 ያገኘ መሰለው። ቤት ውስጥ ድንጋጤ ሆነ። አማት፣ ጎረቤት፣ ሁሉም እናትየውን «ወተትሽ ውሃ ሆኗል» አላት። ጡት አስጥላ የቆርቆሮ ወተት ገዛች። ዋጋውን ታውቁታላችሁ። እንዲበቃት ብላ በውሃ ታቀጥነው ጀመር። ተቅማጥ ተከተለ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በዚያው 10ኛ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ሲያድግ የነበረ ጤነኛ ልጅ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን እውነትም ወረደ። በዚያን ቀን ማንም ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገራቸው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ወደ ቁመቱ ልግባ። ከሁሉም የሚያንገበግበን ይህ ነው።

ካርዶቻችን ላይ የቁመት ቦታ ባዶ ነው። የእኔም ልጅ፣ የጎረቤቴም፣ የሁላችንም። አንድ ልጅ አለ፤ በሁለት ዓመቱ 10.5 ኪሎ ይመዝናል። ጉንጩ ሞላ ያለ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሲያምር!» ይለዋል። በክብደቱ ከቀዩ መስመር በላይ ስለሆነ ጤና ጣቢያም ተመስግኖ ይመለሳል። ሲስተር አስተኝታ ስትለካው 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በሁለት ዓመት የወንድ ልጅ መሀለኛ ርዝመት 88 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። የመቀንጨር መለያ የሆነው የታችኛው ወሰን ደግሞ 82 ገደማ ነው። ስለዚህ ያ የሚያምር ልጅ ቀንጭሯል። ክብደቱ ለቁመቱ ልክ ስለሆነ ወፍራም ይመስላል እንጂ ለዕድሜው አጭር ነው። ሚዛን ብቻውን ይህን በጭራሽ አያሳይም።

መቀንጨር በአገራችን ትንሽ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ ቀንጭረው ነው የተገኙት። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን 58ቱ ነበሩ፤ መሻሻሉን እናያለን። የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታወጅ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማስቆም ነበር። ይህን ቃል የገባ አገር የልጁን ቁመት ሳይለካ እንዴት አድርጎ ሊያውቀው ነው? ልጅ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባሉት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ ያጣውን ቁመት በኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው። የአእምሮ እድገቱም አብሮ ይጎዳል። ለምን በጊዜ ይለካ እንደምንል ይህ ይበቃል።

«ይህ ሰንጠረዥ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ልጆች በተፈጥሯቸው ትንንሽ ናቸው» ያሉን ባለሙያዎች አሉ። በአክብሮት አንቀበለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መለኪያ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ከተውጣጡ ከ8 ሺህ በላይ ልጆች የተሠራ ነው። ጡት የጠቡ፣ በጥሩ ሁኔታ የተያዙ ልጆች ናቸው። የአክራውም የሙስካቱም የኦስሎውም ልጅ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ተቀራራቢ ሆኖ ነው ያደገው። የድሬ ልጅም ከተመቸው እንደዚያው ያድጋል።

በሚዛን ፋንታ የክንድ መለኪያው ሪባን ይበቃል የሚል መልስም ተሰጥቶናል። በዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጡ ክንድ ይለካሉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ይሄዳሉ። ሪባኑ ሕይወት ያድናል፣ እናከብረዋለን። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን፣ አስቸኳይ ሕክምና የሚሻውን ልጅ ይለያል። በ11.5 እና በ12.5 መካከል ያለውንም ያሳያል። ግን ያቺ 6.9 ኪሎ የሆነችው ልጅ ክንዷ አረንጓዴ ነበር። የቀነጨረውም ልጅ አረንጓዴ ነው። ሪባኑ የታመመውን ያገኛል። እኛ የምንለምነው ሳይታመም በፊት እንዲታይልን ነው።

የሚዛኑም አያያዝ ቅሬታ አለብን። ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ በወር የሚጨምረው 200 ወይም 300 ግራም ገደማ ነው። ሹራብና እርጥብ ዳይፐር ይህን ያህል ይመዝናል። አንዱ ወር ልብስ አስወልቀው፣ አንዱ ወር ከነልብሱ ከመዘኑት የወሩ ጭማሪ በሙሉ ውሸት ይሆናል። ተንጠልጣዩ ሚዛን ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑ ሳይታይ ልጅ ሲሰቀልበት አይተናል። እንዲህ ተመዝኖ «ቀንሷል፣ ምን እያበላሽው ነው?» ተብላ ሰው ፊት የተገሠጸች እናት ከዚያ ወዲህ እግሯን አላነሳችም። በድሬ ደግሞ የልጅን ኪሎ ጮክ ብሎ መጥራት የሚያስፈራቸው እናቶች አሉ፤ ዓይን ይበላዋል ብለው። ቁጥሩ በቀስታ፣ ለእናትየው ብቻ ቢነገር ምን ይጎዳል? ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዋ በኦሮምኛ፣ ለሶማሌዋ በሶማልኛ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው። ይህች ከተማ ቋንቋ የሚችል ሰው አጥታ አታውቅም።

የዕድሜ ስሌት ላይ ያሉ ስሕተቶችንም በአጭሩ ላንሳ። የግል ክሊኒኮች ቀን የሚጽፉት በፈረንጅ ነው፣ ጤና ጣቢያ በእኛ። አንድ ካርድ ላይ «12/03» ተብሎ የተጻፈው ኅዳር 12 ነበር። ማርች 12 ተብሎ ተነበበ። ልጁ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ዕድሜ ተቀነሰለት። ለዚያ ዕድሜ ክብደቱ ጥሩ ስለሆነ ተሸኘ። በተቃራኒው ደግሞ ቀኗ ሳይደርስ በ32 ሳምንት መንታ የወለደች እኅታችን ልጆቿ በ6 ወራቸው ከጊዜው ከተወለዱት ጋር ተነጻጽረው «በጣም ወደ ኋላ ቀርተዋል» ተባለች። ስምንት ሳምንት ቀድመው የመጡ ልጆች በ6 ወራቸው የሚታዩት እንደ አራት ወር ልጅ ነው። ይህ እርማት እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። መንታዎቹ በዚያ ሲታዩ ጥሩ ነበሩ። የእናትየው የስንት ሌሊት ለቅሶ ግን ማን ይመልሳል። የሴት ልጅ ክብደት በወንዶች ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ የተደረገበት ካርድም አይተናል።

የባለሙያዎቹን ጫና እናውቃለን። በክትባት ቀን ሰልፉ ከበር ይወጣል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት እዚያ ክፍል ውስጥ መቆም ራሱ ፈተና ነው። ነጥብ አስቀምጦ መስመር መሳብና ለእናት ማስረዳት ጊዜ ይጠይቃል። ጊዜው ከሌለ ግን መፍትሔው ሥራውን መተው ሳይሆን ሰው መጨመር ወይም ሥራውን መከፋፈል ነው ብለን እናስባለን። መዝገብ ለመሙላት ብቻ የተጻፈ ኪሎ ለልጁ የሚያደርግለት ነገር የለም። የተመዘነውም የደከመውም በከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ወርሃዊው የሚዛን ቀን ይመለስልን። በሁሉም ዕድሜ በየወሩ ማድረግ ካልተቻለ ቢያንስ ከ14 ሳምንት እስከ 9 ወር ባለው ክፍተት ልጆቻችን በየወሩ ይታዩ።

ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ተኝተው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ቆመው ቁመታቸው ይለካ፤ በሦስት ወር አንዴም ቢሆን። የቁመት መለኪያ ሰሌዳ የለም ከተባለ ልኩን ስጡን። የእንጨቱንና የአናጺውን እናዋጣለን። ተኝቶ ለመለካት አንድ ሰው ራሱን፣ አንድ ሰው እግሩን መያዝ አለበት። ሁለተኛ ሰው ከጠፋ ከእኛ መካከል ተራ ይዘን እንቆማለን፤ አሠራሩን አሳዩን።

በእናትየው ካርድ ላይ ነጥቡ ይቀመጥ፣ ካለፈው ነጥብ ጋር ይገናኝ። መስመሩ ወደ ላይ ነው፣ ተኝቷል ወይስ ወርዷል የሚለው በምትረዳው ቋንቋ ይነገራት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተኛ ወይም ከወረደ ልጁ የሚላክበትና ምክር የሚያገኝበት መንገድ በግልጽ ይታወቅ።

ሚዛኑ በየጠዋቱ ክብደቱ በታወቀ ነገር ይፈተሽ። ሌላ ነገር ከሌለ አምስት ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ይበቃል፤ ውሃው አምስት ኪሎ ነው፣ የጀሪካኑ ክብደት አንዴ ተመዝኖ ይጻፍበት። ልጆች ሲመዘኑ ልብስ ይውለቅ። በመመዘኛው በኩል መጋረጃ ይኑር።

የትውልድ ቀን በካርዱ ፊት ላይ ወሩ በፊደል ይጻፍ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅም ስንት ሳምንት እንደቀደመ እዚያው ይመዝገብ። የግል ክሊኒኮች ፐርሰንታይል ሲጽፉ ትርጉሙን አብረው እንዲያስረዱ እናንተ አሳስቡልን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በየጤና ጣቢያው በር ላይ ቢለጠፍ ለሁሉም እናት ይደርሳል። ለመወያየት ከፈለጋችሁ ካርዶቻችንን ይዘን በምትሉት ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የእናቶች የቡና ስብስቡ ጸሐፊ፣ የሁለት ልጆች እናት
ድሬዳዋ